ሴክሽን ኤይት ተከራይ ሲገባ የቤቱ ኢንሹራንስ ምን ይሆናል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ "ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ታውንሃውስ አለን። ቤተሰብ ሲሰፋ ክላርክስበርግ ሌላ ቤት ገዝተን ገባን። የድሮውን መሸጥ አልፈለግንም፤ ልናከራየው ነው። ሴክሽን ኤይት ቫውቸር (መንግሥት ከኪራዩ ከፊሉን የሚከፍልበት ድጎማ) ያላት የሦስት ልጆች እናት አይታው ወዳዋለች። ዘመዶቼ ግን አስፈሩኝ። ግማሹ 'ኢንሹራንስሽን ይሰርዙብሻል፣ ቤቱንም ያፈራርሱታል' ይላል። ግማሹ ደግሞ 'መንግሥት ከጀርባ አለ፣ የተበላሸውን ሁሉ እሱ ይከፍላል' ይላል። የቱን ልመን? ምን ዓይነት ኢንሹራንስስ ልግዛ?"

እህቴ፣ የሁለቱንም አይስሙ። ተከራይዎ ቫውቸር ስለያዘች ብቻ የአንድ ቤት ኢንሹራንስ ይሰረዛል ብለው አይስጉ። መንግሥትም ለቤትዎ ዋስ አይሆንም። አሁን ሊያስፈራዎት የሚገባው ተከራይዋ ሳትሆን በእጅዎ ያለው ፖሊሲ፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉ ነው። ፖሊሲው እስከ ዛሬ የሚያውቀው እርስዎ እዚያ ቤት እንደሚኖሩ ነውና።

ቤቱን ሲገዙ ባንኩ ያስገዛዎት ኢንሹራንስ ኤች ኦ 3 የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት የተጻፈ ውል ነው። ሽፋኑ የቆመው ባለቤቱ እዚያ ይኖራል በሚለው ላይ ነው። ዕቃ ጭነው ከወጡ በኋላም ክፍያው ከሞርጌጁ (ከቤት ብድሩ) ጋር በየወሩ ይቆረጣል። ስለዚህ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል። ጉዳት ሲደርስ ግን ከኩባንያው ከሚመጡት የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ "ቤቱ ውስጥ ማን ነው የሚኖረው?" የሚል ነው።

የማውቀውን አንድ ጉዳይ ልንገርዎት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የውሃ ቱቦው ፈነዳ። ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ወርዶ የሳሎኑን ጣሪያ ጣለው፤ ወለሉንም አነሳው። የኢንሹራንሱ ገምጋሚ መጥቶ ፎቶ አነሳ፣ ለካ። ኩሽና ውስጥ ፍሪጁ ላይ የተለጠፉ የልጆች የትምህርት ቤት ወረቀቶች ነበሩ። ስሙ የባለቤቶቹ አይደለም። "ስንት ጊዜ ተቀመጣችሁ?" ብሎ ተከራይዋን ጠየቃት፤ እሷም እውነቱን ነገረችው። ክሌይሙ፣ የካሳ ጥያቄው ማለት ነው፣ ውድቅ ሆነ። ባለቤቶቹ አንድም ወር ክፍያ አላቋረጡም ነበር። ልብ ይበሉ፣ ያቺ ተከራይ ቫውቸር አልነበራትም። ኪራይዋን ከደሞዟ ነበር የምትከፍለው። ባለቤቶቹን የጎዳቸው የተከራይዋ ዓይነት አይደለም፤ የፖሊሲው ዓይነት ነው።

አሁን ወደ ቫውቸሩ። ሴክሽን ኤይት የምንለው የዛሬው ፕሮግራም በ1974 ከወጣ የፌደራል ሕግ የመጣ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ገንዘቡ ከፌደራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት ከሃድ ይመጣል። የሚያስተዳድረው ግን የአካባቢው የቤቶች ባለሥልጣን ነው። በእናንተ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ኤች ኦ ሲ ይባላል። ተከራይዋ አብዛኛውን ጊዜ ከተስተካከለ ገቢዋ 30 በመቶ ገደማ ትከፍላለች። ቀሪውን ኤች ኦ ሲ በቀጥታ ለእርስዎ ያስገባል። ለዚህም ከእርስዎ ጋር የራሱን ውል ይፈራረማል። ያ ውል ስለ ኪራይ ነው። ግድግዳ ቢሰበር፣ ምንጣፍ ቢቃጠል፣ በር ቢገነጠል ከፋዩ ኤች ኦ ሲ አይደለም። "መንግሥት ይከፍላል" የሚሉት ወዳጆችዎ የኪራዩን ነገር ከጥገናው ጋር ቀላቅለውታል።

በነገራችን ላይ፣ ቫውቸር ስለያዘች ብቻ "አላከራይሽም" ማለት በእናንተ አካባቢ ሕግ መጣስ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከልክሎ ቆይቷል፤ ሜሪላንድ ደግሞ ከኦክቶበር 1 ቀን 2020 ጀምሮ በመላው ግዛቱ ከልክላለች። ዲሲም እንደዚሁ። ቨርጂኒያም በ2020 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች፤ እዚያ ግን ከአራት የማይበልጥ የኪራይ ቤት ላለው ሰው የተተወ ክፍተት አለ። ለሌላው አመልካች የሚያዩትን የክሬዲትና የቀድሞ አከራይ ታሪክ ለእሷም ማየት ይችላሉ። መስፈርቱ ግን ለሁሉም አንድ ይሁን።

ታዲያ የሚገዛው ምንድነው? ለአከራይ የተጻፈው ፖሊሲ ዲ ፒ ይባላል፤ 1፣ 2 እና 3 አለው። ዲ ፒ 1 ርካሽ ነው። የሚሸፍነው በስም የተዘረዘሩ ጥቂት አደጋዎችን ብቻ ነው። የሚከፍለውም ብዙውን ጊዜ የእርጅና ዋጋ ቀንሶ ነው። የ15 ዓመት ጣሪያ ቢቃጠል አዲስ ጣሪያ የሚያሠራ ገንዘብ አይሰጥዎትም። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ሰው የሚኖርበትን ደህና ታውንሃውስ በዲ ፒ 1 እንዲያስገቡ አልመክርም። ዲ ፒ 3 ግን ለሕንፃው "እነዚህ እነዚህ አይሸፈኑም" ብሎ ካልጠቀሳቸው በስተቀር ሌላውን ይሸፍናል። መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ዋጋም ይከፍላል። የእርስዎ ይሄ ነው።

ኤጀንቱ "ሁሉም ተስተካክሏል" ቢልዎትም የፖሊሲውን የመጀመሪያ ገጽ፣ ዴክላሬሽን ፔጅ የሚሉትን፣ አስልከው በዓይንዎ ይዩት። አንድ ወይም ሁለት ገጽ ነው። መጀመሪያ የፎርሙን ስም ይፈልጉ፤ ኤች ኦ ካለ ገና አልተቀየረም። ቀጥሎ የባለቤቱን ስም። ቤቱን ወደ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) አዙራችሁ ከሆነ የኤልኤልሲው ስም እዚያ መኖር አለበት። ከዚያ የሕንፃው የሽፋን መጠን፤ ይህ የቤቱ የገበያ ዋጋ ሳይሆን ቢፈርስ መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገው ነው። ታውንሃውሱ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለው፣ የማኅበሩ ኢንሹራንስ ጣሪያና የውጭ ግድግዳ ይሸፍን እንደሆነ ይጠይቁ። አንዳንዱ ይሸፍናል፤ ብዙው አይሸፍንም።

ቀጥሎ የተጠያቂነት ሽፋኑ፣ ላያቢሊቲ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ኤች ኦ 3 ውስጥ ላያቢሊቲ አብሮ የተሰፋ ነው። ዲ ፒ ላይ ግን በተጨማሪ የሚገዛ ነው፤ ካልጠየቁ ላይኖር ይችላል። የተከራይዋ እንግዳ የበረንዳው ደረጃ ተነቅሎ ቢወድቅና እግሩ ቢሰበር፣ ጠበቃው የሚጽፈው ለእርስዎ ነው። ቢያንስ 300,000 ዶላር ያድርጉት እላለሁ። ሌላ ቤት ስላላችሁ 500,000 ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል። በዋጋ ላይ የሚያመጣው ልዩነት ያን ያህል አይደለም።

ከዚያ የኪራይ ገቢው መስመር አለ፤ ፌር ሬንታል ቫልዩ ይባላል። ቫውቸር ላለበት ቤት ከሁሉ ይበልጥ ሊያዩት የሚገባው ይሄ ነው። በምሳሌ ላስረዳ። ኪራዩ 2,400 ዶላር ነው እንበል። እሷ 600 ትከፍላለች፤ ኤች ኦ ሲ 1,800። ኩሽናው ተቃጠለና ቤቱ ለአምስት ወር መኖሪያ መሆን አልቻለም። እሷ ትወጣለች። ኤች ኦ ሲም ሰው ለማይኖርበት ቤት አይከፍልም። ሁለቱም ገቢ ባንዴ ይቆማል፤ ሞርጌጁ ግን አይቆምም። ኢንሹራንሱ ሊተካልዎ የሚገባው 2,400ውን ነው። አንዳንድ አከራይ ግን "ተከራይዋ ስንት ነው የምትከፍልዎት?" ሲባል 600 ብሎ ይሞላል። እንዲህ አያድርጉ። በሊዙ (በኪራይ ውሉ) ላይ ያለውን ሙሉ ኪራይ ይጻፉ፤ የኤች ኦ ሲን ውል ቅጂም ከፖሊሲው ጋር ያስቀምጡ። በብዙ ዲ ፒ ፖሊሲ ይህ ሽፋን የሕንፃውን የሽፋን መጠን 20 በመቶ ያህል ይደርሳል፤ ስለዚህ መጠኑ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የሚያጣላው ማስረጃው ነው።

ይህ ሽፋን የሚሠራው ግን ቤቱ በተሸፈነ አደጋ ሲጎዳ ብቻ ነው። ተከራይዋ ድርሻዋን ሳትከፍል ብትቀር አይነካውም። ኤች ኦ ሲ ክፍያ ቢያቆምም አይነካውም። ክፍያ የሚያቆምበት ምክንያት ደግሞ አለው። ቤቱን እየመጡ ይፈትሻሉ። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከተገኘ በ24 ሰዓት፣ ሌላው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ መጠገን አለበት። ካልተጠገነ የእነሱን ድርሻ ያግዳሉ። የታገደውን ከተከራይዋ መጠየቅ አይፈቀድም። ከኢንሹራንስም አያገኙትም። በውሉ ከተፈቀደው ኪራይ በላይ በጎን "ትንሽ ጨምሪልኝ" ማለትም ክልክል ነው። ይሄ በወገኖቻችን መካከል እንደ ቀላል ነገር ሲወራ እሰማለሁ፤ ከፕሮግራሙ የሚያስወጣና ገንዘብ የሚያስመልስ ጥፋት ነው።

እኔ ግን ፍተሻውን እወደዋለሁ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ይሠራል? አራትና ከዚያ በላይ እርከን ያለው ደረጃ መደገፊያ አለው? የውሃ ማሞቂያው የግፊት መልቀቂያ ቱቦ በትክክል ወደ ታች ወርዷል? መታጠቢያ ቤት ያለው ሶኬት የሙከራ ቁልፉ ሲጫን ይቋረጣል? መስኮቱ ይቆለፋል? እነዚህ ሁሉ ኢንሹራንስ የሚከፍልባቸው አደጋዎች መነሻ ናቸው። ቫውቸር የሌለው ተከራይ ቤት ውስጥ እነዚህን በየጊዜው መጥቶ የሚያይ ሰው ላይኖር ይችላል። የፍተሻውን ማለፊያ ወረቀት አይጣሉት። ክስ ቢመጣ "ቤቱን አልተንከባከበም" ለሚል ጠበቃ ጥሩ መልስ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በባትሪ ብቻ የሚሠሩ የጭስ ማስጠንቀቂያዎች ባትሪያቸው የታሸገና 10 ዓመት የሚቆይ መሆን እንዳለበትም ያስታውሱ።

ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ነው? ከሆነ እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። የድሮ ቀለም እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል፤ የትንንሽ ልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ተከራይዎ ደግሞ ልጆች አሏት። ሜሪላንድ ከ1978 በፊት የተሠራ የኪራይ ቤት በግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲመዘገብና የእርሳስ ምርመራ ወረቀት እንዲኖረው ታስገድዳለች። ብዙ የአከራይ ፖሊሲዎች በእርሳስ ምክንያት የሚመጣ ክስን በግልጽ አይሸፍኑም። ባልቲሞር ውስጥ በዚህ ጉዳይ አከራዮች ተከሰው ብዙ ገንዘብ ከፍለዋል። ገንዘቡ ይቅርና ልጅ የሚጎዳበት ነገር ነው፤ ቁልፍ ከመስጠትዎ በፊት ያስመርምሩ።

አሁን ዘመዶችዎ ወደፈሩት፣ ወደ "ያፈራርሱታል"። መጀመሪያ፣ የቫውቸሩ ባለቤት የምታጣው ነገር አለ። ሊዙን በከባድ ሁኔታ ከጣሰች ቫውቸሯን ልታጣ ትችላለች። ስንት ዓመት ወረፋ ጠብቃ ያገኘችውን። ሁለተኛ፣ ተከራይ ሆን ብሎ የሚያደርሰው ጥፋት በዲ ፒ 3 ብዙ ጊዜ ይሸፈናል። ግን አንዳንድ ኩባንያ ይህን በተጨማሪ ጽሑፍ ያወጣዋል። "ተከራዩ ራሱ ሆን ብሎ ቢያበላሽ ትሸፍናላችሁ?" ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን በኢሜይል ይቀበሉ። ሦስተኛ፣ የተላላጠ ቀለም፣ የደከመ ምንጣፍ፣ ትኋን፣ አይጥ የኢንሹራንስ ጉዳይ አይደሉም። የዕለት ተዕለት እርጅና ወይም የተባይ ጉዳይ ነው ይባላል። ዲዳክቲብልዎ (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪስዎ የሚሸፍኑት) 1,000 ዶላር ከሆነ፣ የ700 ዶላር በር ሲሰበር ክሌይም ቢከፍቱም የሚያገኙት የለም።

ለእነዚያ ትንንሾቹ ያለዎት መሣሪያ መያዣው፣ ዲፖዚቱ ነው። በሜሪላንድ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ በተፈረመ ሊዝ በመደበኛው ከአንድ ወር ኪራይ በላይ መያዝ አይቻልም። ስትወጣ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ከቀነሱበት ደግሞ የተቀነሰበትን በዝርዝር ጽፈው መላክ አለብዎት። ፎቶ ከሌለዎት ይህ ዝርዝር ዋጋ የለውም። ከመግባቷ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ከነጣሪያው በቪዲዮ ይቅረጹ። ቁም ሳጥኑን ይክፈቱ፣ ምድጃውን ይክፈቱ፣ ከሲንኩ ሥር ያሳዩ። ለእሷም ቅጂውን ይላኩላት። እሷንም ይጠብቃታል፤ ያላደረሰችውን እንዳትከፍል።

ኩባንያዎቹ ስለ ቫውቸር ይጠይቃሉ? አንዳንዶቹ፣ በተለይ ለትልልቅ አፓርታማዎች፣ "በመንግሥት ድጎማ የሚኖሩ ተከራዮች አሉ?" የሚል ጥያቄ ማመልከቻቸው ላይ ነበራቸው። በዚህ የተነሳ ዲሲ ውስጥ የፍትሐዊ መኖሪያ ድርጅቶች ኅብረት የሆነው ናሽናል ፌር ሃውሲንግ አልያንስ በ2016 ትራቨለርስ የተባለውን የኢንሹራንስ ኩባንያ ከሶ ነበር። ድጎማ ያላቸውን ማግለል ጥቁሮችንና ሴቶችን በብዛት ይጎዳል የሚል ክስ ነው። ዳኛው በ2017 ክሱ ይቀጥል አሉ፤ በኋላ በስምምነት አለቀ። ኒውዮርክም በ2024 ኩባንያዎች ይህን እንዳይጠይቁና ዋጋ እንዳይጨምሩበት በሕግ ከልክላለች። ለአንድ ታውንሃውስ ጥያቄው ጨርሶ ላይመጣ ይችላል። ከመጣ ግን እውነቱን ይመልሱ። "ዝም ብለሽ የለም በይ" የሚልዎትን ሰው አይስሙ። ማመልከቻ ላይ የተጻፈ ውሸት ፖሊሲውን ከሥሩ ሊያፈርሰው ይችላል። ኩባንያው በዚያ ምክንያት ብቻ ካልተቀበለዎት እምቢታውን በጽሑፍ ይጠይቁና ሌላ ኩባንያ ይሂዱ። ለሜሪላንድ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቤት ማለትም ይችላሉ፤ በነፃ ነው።

ዋጋው ላይ ብዙ አልቆይም። የኢንሹራንስ ኢንፎርሜሽን ኢንስቲትዩት እንደሚለው የአከራይ ፖሊሲ ባለቤት ከሚኖርበት በ25 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ጭማሪው ከቫውቸሩ ሳይሆን ቤቱ ከመከራየቱ የመጣ ነው። በታክስ ጊዜም ከኪራይ ገቢዎ ላይ እንደ ወጪ ይቀነሳል።

ሊጨምሯቸው ከሚገቡት ሁለቱን ልጥቀስ። ቤዝመንት ካለው በፍሳሽ ማስወገጃው በኩል ወደ ኋላ ለሚመለስ ውሃ የሚሆነውን ተጨማሪ ሽፋን ይግዙ። እኛ አካባቢ የበጋ ዝናብ ሲጥል ቤዝመንት ይሞላል፤ ያለዚህ ሽፋን አንድ ሳንቲም አያገኙም። ጎርፍ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ፖሊሲ ነው። የፌደራሉ ፕሮግራም ለመኖሪያ ሕንፃ እስከ 250,000 ዶላር ይሸጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛ 30 ቀን ሳይሞላው አይሠራም። የእሷ ሶፋና ቴሌቪዥንም በእርስዎ ፖሊሲ እንደማይሸፈን ይንገሯት። የተከራይ ኢንሹራንስ በወር ጥቂት ዶላር ነው። ግዴታ የሚያደርጉት ከሆነ ግን ቫውቸር ከሌላቸው ተከራዮችም የሚጠይቁት ይሁን።

አሁን ቤቱ ባዶ ነው ብዬ አስባለሁ። ይሄ ነው እኔን ያሳሰበኝ። የኤች ኦ ሲ ወረቀት፣ የኪራይ ማጽደቁ፣ ፍተሻው ጊዜ ይወስዳል። አንድ ነገር ጎድሎ ድጋሚ ከተፈተሸ ደግሞ ይረዝማል። ብዙ ፖሊሲዎች ቤቱ ከ60 ተከታታይ ቀን በላይ ባዶ ከሆነ ሆን ተብሎ የሚደርስን ጥፋትና የመስታወት ስብራትን አይሸፍኑም። አንዳንዶቹ የሚፈቅዱት ቀን ከዚህም ያንሳል። ክረምት ከሆነ ማሞቂያውን እንደበራ ይተዉት ወይም ውሃውን ዘግተው ቱቦውን ያድርቁ። ያለዚያ ቱቦው በርዶ ቢፈነዳ በራስዎ ነው። መሸጋገሪያው ይረዝማል ብለው ከገመቱ ለባዶ ቤት የሚሆን ተጨማሪ ጽሑፍ እንዲያስገቡልዎ ኤጀንቱን ይጠይቁ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ኤጀንትዎ ጋር ይደውሉ። "ከዚያ ቤት ወጥተናል፣ በዚህ ቀን ተከራይ ይገባል፣ ዲ ፒ 3 ከላያቢሊቲ ጋር እፈልጋለሁ" ይበሉ። አዲሱ ፖሊሲ ቁልፉን ከሚሰጡበት ቀን በፊት ይጀምር። የድሮውን አዲሱ ሳይገባ አያሰርዙ። የሞርጌጅ ኩባንያው ስም በአዲሱ ላይ በትክክል መጻፉን ያረጋግጡ፤ ባንኩ የአዲሱን ፖሊሲ ማረጋገጫ ካላገኘ ራሱ ውድ ኢንሹራንስ ገዝቶ ይጭንብዎታል። የካውንቲውን የኪራይ ፈቃድም እስካሁን ካላወጡ አሁኑኑ ያመልክቱ፤ ሞንትጎመሪ ውስጥ ያለ ፈቃድ ማከራየት አይቻልም።